የባለሙያ ቀጠሮ ሂሳቡ የማን ነው?

«የሀበሻ ቀጠሮ» የሚባል ሰበብ መስማት ከሰለቸኝ ቆየ። ቧንቧ ሰራተኛው ቀረ፣ «ያው የሀበሻ ቀጠሮ ነዋ»። ዲሽ የሚያስተካክለው ልጅ ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ ማታ 12 ሰዓት ላይ «ቤት አላችሁ?» ብሎ ደወለ፣ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሀበሻ!»። እሺ ይሁን፣ ግን ይሄው ሀበሻ ቀብሩ 6 ሰዓት ነው ከተባለ 6 ሰዓት ሳይሞላ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ እቁብ የሚጣልበትን ቀን አይረሳም፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ካለውማ ሌሊት 11 ሰዓት በሩ ላይ ነው። ስለዚ ነገሩ የደም ጉዳይ አይመስለኝም።

እድርን ተመልከቱ። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቷ ትንሽ ብር ናት ግን መዝገብ ላይ ትሰፍራለች፣ ደጋግሞ የሚቀር ሰው ደሞ እሱ ቤት ሀዘን የደረሰ ቀን ማን ድንኳን እንደሚተክልለት ማሰቡ አይቀርም። አሁን ቦይለር ሊሰራልኝ የቀጠርኩት ሰው ቢቀር ምን ይሆናል? ምንም። እኔስ እሱን ቀጥሬ በመሀል ሌላ ሰው አግኝቼ ባሰራና እሱ ከነመሳሪያው አራት ፎቅ ወጥቶ ሲያንኳኳ «ውይ ተሰራ እኮ ወንድሜ» ብዬ ብመልሰው ምን እሆናለሁ? እኔም ምንም። መቅረት ለሁለታችንም በነጻ ነው፣ የተቀረበት ሰው ብቻ ነው የሚከፍለው፣ ለዛም ነው የሚቀረው።

ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ቦይለር ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ በፈረቃ ናት፣ ሮቶ ያላቸው ጎረቤቶች አሉ እኛ ጋ ግን በርሜል ነው፣ በርሜል ውስጥ ያለ ውሃ ደሞ ተነስቶ ቦይለር ውስጥ አይገባም። ስለዚ ቦይለር ለማሰራት ውሃ የመጣችበት ቀን መሆን አለበት፣ ካለዛ ተሰርቶም መስራቱን ማየት አይቻልም፣ መብራትም መኖር አለበት፣ ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለበት፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ባለሙያው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኔም አልወስናቸውም እሱም አይወስናቸውም። ውሃ ማክሰኞ ትመጣለች ሲባል ረቡዕ ሌሊት 8 ሰዓት ትመጣለች፣ መብራቱ ደሞ ልክ ውሃዋ በመጣች ሰዓት ይሄዳል (ይሄን ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰው ያለ የሚመስለኝ ቀን አለ)። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው «ሐሙስ 4 ሰዓት» ብለን የምንቀጣጠረው።

የመጀመሪያውን ልጅ ያገኘሁት ከህንጻችን ቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ «ጎበዝ ነው፣ ሰው አያጉላላም» ተብሎ። ስልክ ላይ በጣም ጨዋ ነው፣ «እህቴ አታስቢ፣ ነገ ከሰዓት ከች እላለሁ» አለኝ። ከሰዓት ማለት እንግዲህ ከ7 እስከ 12 ያለው ሁሉ ከሰዓት ነው። ከመስሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቁጭ አልኩ። ባለሙያ የሚጠበቅበት ቀን የሆነ የማይባል ቀን ነው፣ እረፍት አይደለም ስራም አይደለም፣ ሽንኩርት አልቆ ሱቅ መውረድ ያስፈራል፣ ልክ ስወርድ ቢመጣስ? ስልኩን ይዤ ነው ሽንት ቤት የምገባው። በመስኮት ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ግቢ ውስጥ ባየሁ ቁጥር «እሱ ነው» እላለሁ፣ ሰውዬው ሌላ ብሎክ ይገባል። 9 ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ «መንገድ ላይ ነኝ»። 10 ተኩል ላይ ደወልኩ፣ «እየደረስኩ ነው፣ መገናኛ ተዘግቶ ነው»። 12 ሰዓት ላይ ስልኩ ዝግ ነው፣ ያቺ ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ናት ያነሳችልኝ፣ እሷ እንኳን ቀጠሮ አታዛንፍም።

ሁለተኛው ሰውዬ መጣ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በሰዓታቸው መጡ፣ ክዳኑን ፈቱ፣ ሬዚስታንሱ (ውስጡ ያለው ውሃ የሚያሞቀው ብረት) ተቃጥሏል አሉ፣ ዋጋውን ነገሩኝ፣ ተስማማን፣ «መርካቶ ሄጄ እቃውን ይዤ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ብለው ቦይለሩን እንደተፈታ ትተውት ሄዱ። አልተመለሱም። ስልክ አያነሱም። የተፈታ ቦይለር ግድግዳ ላይ አፉን ከፍቶ ሳየው እኔ ብስጭቴ እሳቸው ላይ ብቻ አልነበረም፣ ብር ስላልወሰዱ ሌባ ልላቸው እንኳን አልቻልኩም፣ ለነገሩ ሌባ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፣ ቢያንስ ምን እንደሆነ ይገባኛል። ምንም ሳይወስድ የሚጠፋ ሰው ነው ግራ የሚያጋባው።

መልሱን ያገኘሁት ከሶስተኛው ነው፣ ቦይለሩን ሰርቶልኝ ከሄደው ልጅ። ቴክኒክና ሙያ የተማረ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን) ወስዷል፣ እጁ እየሰራ አፉም አያርፍም። የጋሼን ነገር ስነግረው ሳቀ። «ዋጋ ነግረውሽ ሄዱ አይደል? መርካቶ ሲደርሱ እቃው ጨምሯል። ያሉሽ ዋጋ የእጃቸውን እንኳን አያወጣም። ተመልሰው ጨምሪ ቢሉሽ አጭበርባሪ ትያቸዋለሽ። ስለዚ ጠፉ።» እውነት ለመናገር እላቸው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሲገባ ስንቱ ነጋዴ ጠዋት የለጠፈውን ዋጋ ከሰዓት እንደቀደደ ሁላችንም አይተናል፣ የኛ ቤት ሬዚስታንስና ቴርሞስታት ደሞ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። ለሻጩ ቀላል ነው፣ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ጨምሯል» ይላል። ባለሙያው ግን በስልክ ዋጋ የነገረውን ሰው ዓይን እያየ ነው «ጨምሯል» ማለት ያለበት። ብዙዎቹ ይሄን አይችሉትም። ስልክ ማጥፋት ይቀላቸዋል። ይሄን ሲያስረዳኝ ትንሽ ተረጋጋሁ፣ ግን እሱንም እንዲህ አልኩት፣ አንድ ሚሴጅ «እህቴ እቃው ጨምሯል፣ ካልተመቸሽ ሌላ ሰው ፈልጊ» ብሎ መላክ ምን ያህል ያስከፍላል? «እሱስ ልክ ነሽ» አለ፣ ብሎኑን እያጠበቀ።

ከዛ የራሱን ነገረኝ። ጠዋት ላይ ብዙ ቀጠሮ ነው የሚይዘው፣ ከሚችለው በላይ፣ እያወቀ። ለምን? ምክንያቱም ግማሹ ደንበኛ ይቀራል። «ሰው ሲቸግረው ለሶስት ባለሙያ ይደውላል፣ ቀድሞ የደረሰው ይሰራል፣ ሌሎቻችን በታክሲ ብራችን ከተማውን እናያለን።» ከጀሞ ተነስቶ መገናኛ ተሰልፎ እኛ ሰፈር ድረስ መጥቶ ደጃፍ ላይ «ባለቤቴ ይቆይ አለኝ» ተብሎ የተመለሰበት ቀን አለ፣ ደሞ የታክሲ ብሩን የሚሰጠው የለም፣ ሳይሰራ ለምን ይከፈለው? አንዷ ደሞ ስልኳን ዘግታ ቤቷ ውስጥ ነበረች አለኝ፣ ቴሌቪዥኑ ይሰማል። ድሮ ሞተር ሳይክል ነበረችው፣ በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ ከተማው ውስጥ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል እሷም ሄደች፣ በሞተር አራት ቤት የሚያዳርስበትን ቀን አሁን በታክሲ ሁለት ከደረሰ ጥሩ ነው። ሱቁም የኮሪደር ልማት ሲመጣ ፈረሰ፣ ስለዚ አሁን አድራሻው ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው። ይሄ ደሞ ለኔ ለደንበኛዋ ትልቅ ነገር ነው፣ ድሮ የቀረ ባለሙያ ሱቁ ድረስ ሄዶ መጮህ ይቻል ነበር፣ አሁን የት ሄጄ ነው የምጮኸው?

እና እሱ ይቀራሉ ብሎ ብዙ ቀጠሮ ይይዛል፣ እኛ ይቀራል ብለን ብዙ ባለሙያ እንጠራለን፣ እሱ ብዙ ስለያዘ ይቀራል፣ እኛ ብዙ ስለጠራን በር እንዘጋለን። ማን ጀመረው ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ለባለሙያዎቹ አልፈርድም፣ «መንገድ ላይ ነኝ» የምትለዋ ነገር ላይ። ሌላ ቤት ሆኖ ገና መሰላል ላይ ቆሞ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ሰው ያታለለኝ ቀጠሮዬን አይደለም፣ ቀኔን ነው የወሰደው፣ «ዛሬ አልደርስም» ቢለኝ ኖሮ ቢያንስ ከሰዓት ስራ እገባ ነበር። እነሱ እንደ ትህትና ነው የሚያዩት፣ ደንበኛን በአፍ «አልመጣም» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። እኔ ነውሩ ሌላኛው ይመስለኛል።

በደንበኛ በኩል ያለውን ነውር ደሞ አንርሳው። ስራው ካለቀ በኋላ ዋጋ የሚከራከር ሰው ስንት አለ! «አስር ደቂቃ ላልሞላ ስራ ይሄን ሁሉ?» ይባላል። ያቺን አስር ደቂቃ እስክትሆንለት ስንት ዓመት እንደፈጀበት አናስብም፣ አንድ ሰዓት ተጎልቶ ቢያበላሸው ኖሮ ደስ ብሎን እንከፍል ነበር ማለት ነው? የኔው ሬዚስታንስ ለምን እንደተቃጠለ ያገኘው እኮ ይሄ ልጅ ነው። ውሃ ስትጠፋ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ በመስመሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ቼክ ቫልቭ አለ፣ እሱ ሞቷል፣ ውሃው ተመልሶ ሲወርድ ቦይለሩ ባዶውን ይበራል፣ ሬዚስታንሱ በባዶ ይነዳል። ጋሼ ሬዚስታንሱን ብቻ ቢቀይሩልኝ ኖሮ በሚቀጥለው የውሃ መጥፋት እንደገና ይቃጠል ነበር። ይሄን ለማወቅ የፈጀበት ጊዜ ቡና እስኪፈላ ነው። ለዚህ ነው ማየት ራሱ ስራ ነው የምለው፣ ግን «ለማየት ብቻ ክፈሉ» ሲባል ግማሽ ሰፈር ያብዳል፣ «ምን ነክቶት ነው፣ ሐኪም ነው እንዴ?» ይባላል። ሐኪምም ካርድ አስወጥቶ ነው የሚያየን።

ቆይ ግን ሰው ለምን እንደማያምንም ይገባኛል። የፍሪጅ ጋዝን ነገር ውሰዱት። ፍሪጅ እንደ መኪና ነዳጅ አይበላም፣ ጋዙ ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው፣ ካላፈሰሰ አያልቅም፣ ካፈሰሰ ደሞ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ብር ማፍሰስ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን «ጋዝ አልቆበታል» ተብለን በየዓመቱ ያስሞላን? አንዳንዱ ደሞ ኦርጅናሉን ፈቶ ወስዶ ሌላ ነገር ገጥሞ ይሄዳል ይባላል፣ ስለዚ ሰው ከባለሙያው ራስ ላይ አይነሳም፣ ቆሞ እያንዳንዷን ብሎን ይቆጥራል። እሱ ደሞ እንደ ሌባ ሲታይ ይከፋዋል። ኤሌክትሪሺያኑ የነገረኝ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ሴት ብቻዋን ወይ የቤት ሰራተኛ ብቻዋን ያለችበት ቤት መግባት ይፈራል፣ ነገ ወርቅ ጠፋ ቢባል ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ ደሞ በዛኛው በኩል ሆኜ ብቻዬን ስሆን የማላውቀውን ወንድ ማስገባት እፈራለሁ፣ የህንጻው ጥበቃ መታወቂያ ካልያዘ አላስገባም ሲል እሱ ይናደዳል እኔ ደስ ይለኛል። ሁለታችንም በፍርሃት በር ላይ ቆመን «ግባ እንጂ ወንድሜ»፣ «እሺ እህቴ» እንባባላለን።

የአክስቴ ልጅ ለንደን ናት። ኢንተርኔት ሊያስገባላት የተቀጠረ ቴክኒሻን ቀረባትና ሳትጨቀጭቅ ሂሳቧ ላይ ብር ገባላት ስትለኝ የቀለደች መስሎኝ ነበር። እውነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኦፍኮም የሚባለው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ያስጀመረው አሰራር አለ፣ የገቡበት ድርጅቶች ቴክኒሻናቸው ከቀረ ወይ 24 ሰዓት ሳይቀረው ቀጠሮውን ከሰረዙ ለደንበኛው ራሳቸው ይከፍላሉ፣ ሲጀመር 25 ፓውንድ ነበር። ደንበኛው ማመልከቻ አይጽፍም። ይሄ ለትልቅ ድርጅት ይሆናል፣ የኔን ኤሌክትሪሺያን ግን ማን ይቆጣጠረዋል? እሱ ራሱ ነው ድርጅቱ፣ ራሱ ነው ሾፌሩ፣ ራሱ ነው የስልክ ኦፐሬተሩ። እዚህ ሀገር ደሞ ትልልቆቹም ቢሆኑ «ቡድኑ ወጥቷል፣ ስልክዎን ክፍት አድርገው ይጠብቁ» ነው የሚሉት፣ ሰዓት አይነግሩም፣ ሰዓት ካልነገሩ ደሞ መቅረት የሚባል ነገር የለም። ብልጦች ናቸው።

ለነገሩ እኛም እቤታችን ህጉ ነበረን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ይናገራል፣ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ያለውን ማየት ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ቀረበት፣ የተቀበለው ሰው ቢተው ደሞ እጥፉን ይመልሳል። እንዴት ያለ ፍትሃዊ ነገር ነው! ሁለቱም ወገን የመቅረቻ ዋጋ አለው። ቤትና መኪና ሲሸጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ ለቦይለርና ለሽንት ቤት ቧንቧ ሲሆን ግን ማንም ትዝ አይለውም። ትዝ ቢለውም «ቀብድ» ሲባል ሰው የሚያስበው ሶፋ ሰሪውን ነው፣ ቀብድ ተቀብሎ ለገና አደርሳለሁ ብሎ ፋሲካ ያለፈበትን። ለሁለት ሺህ ብር ፍርድ ቤት የሚሄድም የለም።

ብቻ እኔ ከልጁ ጋር አንድ ነገር ተስማማን። ከዛን ቀን በኋላ ስጠራው ሲነሳ 200 ብር በቴሌብር እልክለታለሁ፣ የመምጫ ነው፣ ከሰራ ከእጅ ዋጋው ላይ ይቀነሳል፣ መጥቶ እኔ ከሌለሁ የሱ ነው። ከቀረ ደሞ እጥፉን ይልካል። ሀሳቡን ሳቀርብለት መጀመሪያ ቅር አለው፣ «እጥፍ?» አለ፣ ከዛ ትንሽ አሰበና «ሌሎቹም ደንበኞቼ እንዲህ ቢያደርጉ ቀጠሮ አልደራርብም ነበር» አለ። እስካሁን አንዴ እጥፍ ልኮልኛል፣ የሱ ልጅ ትምህርት ቤት ተጠርቶ ነበር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደውሎ ነገረኝና ብሩንም ላከ። ልመልስለት ብዬ ነበር፣ ባለቤቴ «ተይው፣ አንዴ ከመለስሽለት ስምምነቱ አለቀ» አለኝ። ልክ ነው መሰለኝ፣ ያዝኩት። ውሃ ካልመጣች የሚለውን ግን እስካሁን አልጨረስነውም፣ እሱ መጥቶ ውሃዋ ብትቀር ጥፋቱ የማን ነው? እሱ «መምጫው የኔ ነው» ይላል፣ እኔ እንካፈል እላለሁ። ለጊዜው ውሃዋን በዓይኔ ሳላይ አልደውልለትም።

ፊት ለፊታችን ያሉት ጡረታ የወጡ እናት ግን ይሄን ሲሰሙ ሊገርፉኝ ምንም አልቀራቸው። የሳቸው ማጠቢያ ማሽን ውሃ አላስወጣ ብሎ ስንት ጊዜ ሆነው፣ ቁጥሩን ልስጥዎት ብላቸው «ሳይመጣ ብር? ምን አይቼበት ነው የምልክለት? አንቺ ልጅ ብር በዛብሽ እንዴ?» አሉኝ። እማማ፣ የታክሲው ነው እኮ አልኳቸው። «መጥቶ ይይ፣ ከዛ እንነጋገራለን» አሉ። ባለፈው ሰሞን አንዱን ጠርተው ነበር፣ ሲጠብቁት ውለው ማታ ልብሱን በእጃቸው ሲያጥቡት አገኘኋቸው፣ አሁንም ነገ ይመጣል ብለውኛል። እኔም ምን ልበላቸው፣ የልጁን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጃቸው ላይ ለጥፌላቸው ወጣሁ፣ ከስሩ «መጀመሪያ 200 ብር» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ እሷን ቀድደው ቁጥሩን ብቻ እንዳስቀሩት የልጅ ልጃቸው ነገረችኝ።